ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውኃው ወለል

የከርሰ ምድር ውኃን ደረጃ በየጊዜው እየለካ የሚመዘግብ የመንግሥት የመስክ ሃይድሮሎጂ ባለሙያ ሥራ ከውጭ ሲታይ ገመድ ወደ ጉድጓድ ከመልቀቅና ቁጥር ከመጻፍ የማያልፍ ይመስላል፤ የዕለቱ ተግባርም በእርግጥ በአብዛኛው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ወንዝ የሚለካው ባልደረባው የሚለካውን ውኃ በዓይኑ ሲያየው፣ የከርሰ ምድሩ ለኪ የሚያየው ሰው ለራሱ ጉዳይ የቆፈረውን ቀዳዳ ብቻ ነው። ውኃው ያለው በአፈሩና በአለቱ ስንጥቆች ውስጥ ተሠራጭቶ ሲሆን፣ ጉድጓዱ ስለዚያ ውኃ የሚመሰክር አንድ ምስክር ነው፤ እንደማንኛውም ምስክር ደግሞ በምን ሰዓት፣ በምን ሁኔታ፣ ከማን ጋር ከዋለ በኋላ እንደተጠየቀ ካልታወቀ ቃሉ አይጸናም።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው አስፋልት መራዊን አልፎ፣ የአዊን ዳንግላና እንጅባራ አቋርጦ፣ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ሲዘልቅ የሚያልፍበት ምድር በእሳተ ገሞራ የተነጠፈ ባሳልት፣ ማለትም የአገሬው ጥቁር ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ከላይ በዘመናት ዝናብና ፀሐይ በስብሶ ቀይ አፈር ሆኗል፤ ከቀይ አፈሩ በታች ገና ሙሉ በሙሉ ያልበሰበሰ፣ የላላና የተሰነጣጠቀ ንብርብር ይገኛል፤ ከእርሱ በታች ጠንካራው አለት አለ። ውኃ አዘል ንብርብር የሚባለው ውኃን በውስጡ ይዞ ለጉድጓድ ወይም ለምንጭ መልቀቅ የሚችል የመሬት ክፍል ሲሆን፣ አርሶ አደሩ በዶማና በአካፋ የሚደርስበት ይህ የላላው ንብርብር ነው። የከተማ ውኃ አገልግሎቶች በማሽን የሚያስቆፍሯቸው ጥልቅ ጉድጓዶች ግን ወደ ጠንካራው አለት ስንጥቅ ወርደው ሌላ ታሪክ ያለው ውኃ ያወጣሉ፤ ስለዚህ የሁለቱን መዝገብ አንድ ላይ አስቀምጦ ማወዳደር የጀማሪ ስህተት ነው።

በዳንግላ አካባቢ በዓመት ወደ 1,600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፤ ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ይዘንባል። የከርሰ ምድር ውኃ ወለል፣ ማለትም ከዚያ በታች ያለው የአፈርና የአለት ክፍተት ሁሉ በውኃ የተሞላበት ከፍታ፣ ዝናቡን የሚከተለው ወዲያው አይደለም። የግንቦት ዝናብ አስቀድሞ የደረቀውን አፈር ያጠግባል፤ ማሳው ርሶ ሞፈር ሲገባበት ጉድጓዱ ገና ዝቅ እንዳለ ነው። ወለሉ በሰኔና በሐምሌ መነሳት ይጀምራል፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ጫፉን ይደርሳል፣ በጥቅምትና በኅዳር በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያም እስከ ሚያዝያ ድረስ በዝግታ ይቀንሳል። የአንድ ዓመት መዝገብ ይህን ቅርጽ ያሳያል እንጂ ውኃው እየጎደለ ነው ወይስ አይደለም ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ለዚያ መልስ የአንዱን ዓመት ግንቦት ከሌላው ዓመት ግንቦት ጋር ማስተያየት ይጠይቃል፤ ይህም በአንድ ጉድጓድ ላይ ለዓመታት ሳይሰለቹ መመላለስ ማለት ነው።

ወለሉ በኅዳር ለምን ፈጥኖ እንደሚወርድ በዳንግላ የተደረገ ጥናት በቁጥር አሳይቷል። የውኃ አስተላላፊነት፣ ማለትም ውኃ በአፈሩና በአለቱ ውስጥ የሚያልፍበት ቅለት፣ በበጋ በአማካይ በቀን 2.3 ሜትር ሆኖ ሲገኝ በክረምት 9.7 ሜትር ደርሷል። ጉድጓዶቹ ያሉበት አለት ያው አንድ ነው፤ የተለወጠው የውኃው ከፍታ ነው። በክረምት ውኃው ይበልጥ ወደሚያሳልፈው የላይኛው ክፍል ስለሚወጣ ወደ ጅረቶቹ በቶሎ ይፈስሳል፤ በበጋ የሚቀረው ታችኛውና ዳተኛው ነው። እንግዲህ በጥቅምት ጉድጓዱ የጎደለበት ሰው የጎረቤቱን ሞተር ፓምፕ ቢከስስ ሁልጊዜ እውነት ይዟል ማለት አይቻልም፤ ፓምፑ ባይኖርም ውኃው መንገድ አግኝቶ ይሄዳል።

ሌላው የሚያሳስተው ቁጥር ጥልቀቱ ራሱ ነው። ወለሉ 3 ሜትር ወረደ ሲባል 3 ሜትር ውኃ ሄደ ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ቦታ የአፈርና የድንጋይ ነውና። ከአንድ የአፈር መጠን ውስጥ በራሱ ክብደት ተንጠፍጥፎ የሚወጣው የውኃ ድርሻ ነጻ ፍሳሽ ሊባል ይችላል፤ በዚያው ጥናት አማካዩ 0.09 ሆኖ ተገኝቷል። በዚህ ሒሳብ የ3 ሜትር መውረድ በአንድ ሄክታር 2,700 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ድርሻው 0.02 በሆነበት ቦታ ግን ያው 3 ሜትር 600 ሜትር ኩብ ብቻ ይሆናል። የዳንግላው ድርሻ ከጉድጓድ ጉድጓድ እጅግ የተራራቀ ሆኖ መገኘቱም የአንዱን ጉድጓድ መውረድ ለወረዳው ሁሉ አባዝቶ ሪፖርት የሚጽፍን ሰው ሊያስደነግጥ ይገባል።

የመለካቱ ጥበብ የሚጀምረው ከገመዱ በፊት ነው። የውኃ ደረጃ መለኪያው በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ረጅም ጥብጣብ ሆኖ ጫፉ ውኃ ሲነካ ድምፅ ያሰማል፤ ርዝመቱ ግን ከየት ጀምሮ እንደተነበበ ካልታወቀ ዋጋ የለውም። ስለዚህ በጉድጓዱ አፍ ላይ አንድ ነጥብ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፣ ከመሬት ያለው ከፍታም ይመዘገባል። ባለቤቱ ሕፃናትና ከብት እንዳይገቡበት ብሎ የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ ከፍ ቢያደርገው፣ መልካም አደረገ፤ መዝገቡ ላይ ግን ውኃው በአንድ ሌሊት ግማሽ ሜትር የሰመጠ ይመስላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ሴቶችና ልጃገረዶች ጀሪካናቸውን ይዘው ከመምጣታቸው በፊት በማለዳ የተለካ ደረጃ ሌሊቱን ያረፈ ውኃ ደረጃ ነው፤ ረፋድ ላይ የተለካው ግን 20 እና 30 ጀሪካን ከተቀዳ በኋላ ያለው ነው። ከሩቅ የሚመጣ ባለሙያ ማለዳ ላይ ሊደርስ ስለማይችል ደጁን የሚከፍትለትን ቤተሰብ ደኅና አድረው እንደሆነ ጠይቆ፣ ቡና ካቀረቡም ተቀምጦ ጠጥቶ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደተቀዳ ያጣራል። መልሱ የሚጻፈው ማስታወሻ በሚባለው የመጨረሻ ዓምድ ነው፤ ይህ ዓምድ በብዙ ቅጾች ላይ ሁለት ቃል የማይበቃበት ጠባብ ሆኖ መታተሙ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ እንደማያውቅ ይመሰክራል።

በዚህ ረገድ የዳንግሽታ ቀበሌ ልምድ መጠቀስ የሚገባው ነው። በዳንግላ ወረዳ የሚገኙት የቀበሌው ነዋሪዎች ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ከኢትዮጵያ አጋሮቻቸው ጋር በመሆን፣ ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዶቻቸውን ደረጃ ራሳቸው ሲለኩ ቆይተዋል። ተመራማሪዎቹ መዝገቡን በመደበኛ ጣቢያዎች ከተሰበሰበው ጋር አመሳክረው የሚታመንና የሚወዳደር ሆኖ አግኝተውታል። ለመስክ ባለሙያ ይህ የሚያስገርም አይሆንም፤ ከጉድጓዱ ጋር የሚያድረው ሰው ማለዳውን ያገኘዋል፣ ማን እንደቀዳም ያውቃል። በዚያው አካባቢ የተደረገ ሌላ ስሌት በዓመት ከ280 እስከ 430 ሚሊ ሜትር የሚሆን ውኃ ወደ ከርሰ ምድር እንደሚሰርግ ገምቷል፤ የግምቱ ስፋት የሒሳብ ድክመት ሳይሆን ሥራው በተፈጥሮው የሚፈቅደው እርግጠኝነት ነው።

መሣሪያው ሰውን ይተካል የሚለው ተስፋም በመስክ ይፈተናል። ዳታ ሎገር የሚባለው ትንሽ ብረት በጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥሎ በላዩ ያረፈውን ጫና በየሰዓቱ ይመዘግባል፤ ጫናው ግን የውኃው ብቻ ሳይሆን የአየሩም ጭምር ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነችው መራዊ የአየሩ ክብደት ብቻውን ከ8 ሜትር ውኃ ክብደት ጋር ይስተካከላል፤ ይህ ቁጥር በቀን ሁለት ጊዜ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል። የአየሩን ጫና ለብቻው የሚመዘግብ ሁለተኛ መሣሪያ ካልተሰቀለ፣ ንባቡን ያየ ሰው ጉድጓዱ በየዕለቱ ይተነፍሳል ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በዚህ ላይ የሰዓቱ ጉዳይ ይጨመራል፦ ሎገሩ በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ተሞልቶ ሲመዘግብ የጉድጓዱ ተንከባካቢ ደብተር በሀበሻ ሰዓት ይጻፋል፤ ከጧቱ 12 ሰዓት የተለካው ቢሮ ውስጥ እኩለ ቀን ተብሎ ሲገለበጥ የማለዳው እረፍት ያገኘ ውኃ የቀትር ውኃ ሆኖ ይቀራል።

ከመራዊ አጠገብ በሜጫ የሚገኘው የቆጋ የመስኖ ልማት 7,000 ሄክታር እንዲያለማ ታቅዶ የተሠራ ነው። ግድቡ የያዘው ውኃ በበጋ በቦይ ሲለቀቅ ከቦዩና ከማሳው ወደ ታች የሚሰርግ ክፍል ስለሚኖር፣ በመስኖው ክልል ውስጥ ያለ ጉድጓድ የተለመደውን ቅርጽ ትቶ መውረድ በሚገባው በጥር ሊነሳ ይችላል፤ ይህን ሳያውቅ መዝገቡን የሚያርም ሰው ትክክለኛውን ቁጥር ስህተት ብሎ ይሰርዛል። በዚያው በሜጫ ባሕር ዛፍ የብዙ ቤተሰብ የገንዘብ ሰብል ሲሆን፣ ምንጭ አደረቀ የሚለው የአርሶ አደሩ ስሞታም የቆየ ነው። ስሞታው መሠረት አለው፤ ዛፉ ጥልቅ ሥር አለው፣ በበጋም ቅጠሉ አይረግፍም። ሆኖም የትኛው ምንጭ በዛፍ፣ የትኛው በፓምፕ፣ የትኛውስ በተራ የዝናብ እጥረት እንደጎደለ ለመለየት ከተከላው በፊት የተለካ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ያ ቁጥር ግን ከጥቂት ቦታ በቀር የለም።

ቁጥሩ የማይኖርበት አንዱ ምክንያት ሕጉ ራሱ ነው። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድንና በእርሱ መጠቀምን ከፈቃድ ነጻ አድርጓል። ድንጋጌው ፍትሐዊ ነው፤ ገበሬ በጓሮው ለመቆፈር ወረዳ ድረስ ይመላለስ ማለት ባልተገባ ነበር። ውጤቱ ግን ፈቃድ የሌለው ጉድጓድ መዝገብም የሌለው መሆኑ ነው፤ በባልዲ ሲቀዳ የነበረው በሞተር ፓምፕ መቀዳት ሲጀምር ይህን የሚያውቀው ጎረቤትና አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው የመስክ ባለሙያ ብቻ ነው።

ምንጮች ሌላ ጠባይ ይጠይቃሉ። በሰከላ የሚገኘው ግሽ ዓባይ፣ እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ፣ በ1770 ደግሞ ጄምስ ብሩስ የጎበኙት የግልገል ዓባይ መነሻ፣ ከከርሰ ምድር የሚፈልቅ ውኃ ነው፤ ለምእመናን ግን ጠበል ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ባለሙያ ካህናቱን ሳያስፈቅድ መሣሪያ አይነክርም፤ ቢፈቀድለትም ከመፍለቂያው ይልቅ ወደ ታች ከወረደው ፍሳሽ ላይ ቢለካ የተሻለ ነው። ዘዴውም ቀላል ነው፤ የ20 ሊትር ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር ይሰጣል።

መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የተባባሰው የትጥቅ ግጭት ጎጃምን ክፉኛ በነካባቸው ወራት፣ ባለሙያ ከከተማ ሊወጣ ያልቻለባቸው ቀናት በመዝገብ ላይ ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ባዶውን በግምት መሙላት ቀላል ነው፤ ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ቁጥሮች መካከለኛውን ይጠቁማሉና። ጥሩ ባለሙያ ባዶውን ባዶ አድርጎ ይተወዋል፣ በማስታወሻውም ዓምድ ምክንያቱን ይጽፋል።

ከሁሉ ይልቅ በየዓመቱ የሚያስቸግረው ጳጉሜን ነው። ለ12 ወር በተሰመረ ቅጽ ላይ ቦታ የላትም፤ የምትውለው ደግሞ ውኃው ጫፉ ላይ በሚገኝበት ሳምንት ነው። አንዱ ለኪ ንባቧን ከነሐሴ ግርጌ ይሸጉጠዋል፣ ሌላው ከመስከረም ራስ ላይ ይደርበዋል፣ ቢሮ ውስጥ ያለው ገልባጭም መስከረም 1ን ሁለት ጊዜ አግኝቶ አንዱን ይሰርዛል። ስለዚህ ደብተሮቹ ለየቀበሌው ከመታደላቸው በፊት ባለሙያው ማስመሪያ ይዞ ከነሐሴ 30 በታች አምስት መስመር ይጨምራል፤ በየአራት ዓመቱ ስድስት።