ልጆቻችንን ከአስኳላ ማስወጣት መፍትሔ ነውን?



ውድ አንባቢ ሆይ! በመስጊድ ደጃፍም ሆነ በሰርግና በለቅሶ ቤት ወላጆች ሲነጋገሩበት የምንሰማው አንድ ሐሳብ አለ። «ልጆቻችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ዲናቸውን እየዘነጉ ነው፤ አስወጥተን እቤት ብናስተምራቸው ይሻላል» የሚል ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችንም እዚያ ልጅን እቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች በሕግ የተፈቀደ መሆኑን ይነግሩናል። ሐሳቡ ከልጅ ፍቅርና ከአላህ (ሱ.ወ) ፍራቻ የመነጨ ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ከመተግበሩ በፊት ሊመረመር ይገባዋል።

በመጀመሪያ ስጋቱ መሠረት እንዳለው እንመን። እ.ኤ.አ. በ1908 ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት መምህራኑ ከግብጽ የመጡ የኮፕት ክርስቲያኖች ነበሩ። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ብዙ ሙስሊም አባቶች አስኳላ የልጅን ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ይፈሩ ነበር። ለመማር ሲሉ ስማቸውን የቀየሩ ሰዎች ታሪክም ከአዛውንቶቻችን አንደበት ይሰማል። ታዲያ አባቶቻችን ልጆቻቸውን ቢያስቀሩ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሆኖም ውጤቱን እናውቀዋለን። ዲኑ በመንደሩ ተጠበቀ፤ ነገር ግን በፍርድ ቤት፣ በሐኪም ቤትና በየመሥሪያ ቤቱ የእኛ ሰው ጠፋ። ሙስሊሙ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ እኩልነትን ሲጠይቅ፣ ለዘመናት በሀገሩ ጉዳይ ወደ ዳር የተገፋ ሕዝብ ነበር።

ዛሬስ? በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ከተማ ሂጃብ የለበሱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ተከልክለው ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሷል። የትግራይ ሙስሊሞች መልስ ግን «እንግዲያው ሴት ልጆቻችን እቤት ይቀመጡ» የሚል አልነበረም። በሕግ ከሰሱ፤ በጥር ወርም በመቀሌ ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ሂጃቡንም ትምህርቱንም አንድ ላይ ጠየቁ። ልብ በሉ! እነዚያ ልጆች በፈቃዳቸው ቤት ቢቀሩ ኖሮ ከልካዮቹ የፈለጉትን ያለ ክርክር ባገኙ ነበር።

ዲናችንስ በዚህ ላይ ምን ያሳየናል? ከበድር ዘመቻ በኋላ የተማረኩት የመካ ሰዎች ከፊሎቹ ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ አልነበራቸውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእነዚህ የመዲና ልጆችን መጻፍ እንዲያስተምሩ፣ ያም ቤዛ እንዲሆንላቸው ማድረጋቸው በሲራ ተዘግቧል። አስተማሪዎቹ ሙሽሪኮች፣ ያውም ትናንት ሰይፍ የመዘዙ ጠላቶች ነበሩ። ዘይድ ኢብን ሣቢትንም (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘውታል። የመዲና ልጆች ፊደሉን ከምርኮኛ ሲማሩ ኢማናቸው ያልተናጋው ለምን ነበር? ማታ የሚመለሱበት ቤት የኢማን ቤት ስለነበረ ነው።

ደግሞም እቤት ብቻ ማስተማር የሀገራችን የዒልም ባህል ነበር ማለት አይቻልም። የወሎ ደረሳ ኪታብ ለመቅራት ስንቁን ቋጥሮ ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ ምግቡን ከመንደር እየለመነ ከሸህ ወደ ሸህ ይሄድ ነበር። ወላጆቹ የማያውቁትን ከሚያውቅ ሰው እንዲማር ይልኩት ነበር እንጂ እነርሱ ባወቁት ልክ አያስቀሩትም ነበር።

እቤት ማስተማርን ሁላችንም አንድ ጊዜ ሞክረነዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው እስከ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ድረስ ልጆች ቤት ውለዋል። በእነዚያ ወራት አባት ወይም እናት አጠገባቸው የተቀመጡላቸው ልጆች ቁርኣናቸውን ገፍተው ተመለሱ። ሌሎቹ ከቴሌቪዥንና ከስልክ ጋር ውለው ያወቁትንም ረስተው መጡ። በገጠር ደግሞ በዚያው ተድረው ያልተመለሱ ልጃገረዶች ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ለሁሉም እኩል ተዘግቶ ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ቤቱ ነው።

እንግዲህ ወቀሳው በአንድ ወገን ብቻ አያርፍም። «ልጄን ትምህርት ቤት አስገብቻለሁ፤ ግዴታዬን ተወጥቻለሁ» የሚለውም ወላጅ ይጠየቃል። የሀገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ይደነግጋል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ልጆችን በእምነታቸው የማነጽን መብት ለወላጆች ይሰጣል። ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰላትን እንዲያስተምርልን አንጠብቅ። ያ ሥራ በሕግም በዲንም የእኛ ነው። የቀለሙንም ትምህርት ቢሆን በጭፍን ለመምህር መተው አይበጅም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንርሳ። ደብተሩ በቤት የማይታይ ልጅ በየትም አይጠናም።

አሁንም ልጁን ለማስወጣት የቆረጠ ወላጅ ካለ ራሱን ይጠይቅ። ሒሳቡንና ሳይንሱን የሚያስተምረው ማን ነው? ቁርኣኑንስ በትክክል የሚያስቀራው ማን ነው? ቀኑን ሙሉ አጠገቡ የሚቀመጥለት አለ? ነገ ለፈተና የሚቀርበው በምን ማስረጃ ነው? ሴት ልጁስ እቤት የምትቀረው ልትማር ነው ወይስ ውሃ ልትቀዳና ታናናሾቿን ልታዝል? ለእነዚህ ሁሉ በቂ መልስ ያለው ጥቂት ሰው ይኖር ይሆናል፤ እርሱን አንነቅፍም። መልስ የሌለው ግን ልጁን ከዲን ማጣት ሊያድን ብሎ ዕውቀት ያሳጣዋል፤ ዲኑንም አያስገኝለትም።

ለአብዛኞቻችን የሚቀርበው መንገድ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ነው። ልጁ በፈረቃ የሚማር ከሆነ የቀረው ግማሽ ቀን የመድረሳ ነው። ሙሉ ቀን ከሆነም ቅዳሜና እሁድ አለ፤ በመግሪብና በዒሻ መካከልም ጊዜ አለ። በሳምንት ስድስት ሌሊት ግማሽ ግማሽ ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ ወላጅ በዓመት 156 ሰዓት ለልጁ ሰጠ ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ወላጅም ልጁ ሲያነብ መስማት፣ ሰላት ሲደርስ አብሮት መቆም፣ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ዲፕሎማ አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ ሰላት ወይም ሂጃብ ከከለከለ ደግሞ ለየብቻ ከማጉረምረም ይልቅ ወላጆች ተሰባስበው ርእሰ መምህሩን በአደብ ያነጋግሩ፤ ካልሆነም በመጅሊሱ በኩል በሕግ ይጠይቁ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን እረኛ መሆናችንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። እረኛ ከብቱን በረት ዘግቶበት አያስርበውም፤ መስክ ያወጣዋል፣ ዓይኑንም አይነቅልበትም።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በዲናቸውም በዕውቀታቸውም የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን።