የባሕር ዳር ውሃ ቀለም ምን ያህል ይመሰክራል? ስለ ሁለት የዩኔስኮ መጻሕፍት የቀረበ ሒስ

የሥነ ሕይወት ተማሪ ሁሉ አንድ ቀን ውሃ ቀድቶ፥ አጥልሎ፥ በማጥለያው ላይ የቀረውን በአሴቶን ዘፍዝፎ፥ የወጣውን አረንጓዴ ፈሳሽ በስፔክትሮፎቶሜትር መለካቱ አይቀርም። ከዚያም ቁጥሩን ይዞ «በዚህ ውሃ ውስጥ ይህን ያህል ፋይቶፕላንክተን አለ» ብሎ ይጽፋል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ከዚህች ከመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ጋር ነው። ፋይቶፕላንክተን የሚባሉት በውሃ ውስጥ ተንሳፈው የሚኖሩ፥ ያለ ማይክሮስኮፕ በአብዛኛው የማይታዩ ደቃቅ አትክልት ናቸው። እኛ ግን የምንለካው አትክልቱን ሳይሆን ቀለማቸውን ነው።

ክርክሩን የምናካሂደው ይህን ሥራ ለብዙዎች ያስተማሩትን ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን በማስቀመጥ ነው። አንደኛው በ1966 የታተመው በባሕር ውሃ ውስጥ የሚገኙትን የፎቶሲንተሲስ ቀለሞች ስለ መለካት የሚናገረው ስስ መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ጄፍሪ፥ ማንቱራና ራይት አዘጋጅተውት በ1997 የወጣው፥ ከ600 ገጽ በላይ ያለው «የፋይቶፕላንክተን ቀለሞች በውቅያኖስ ጥናት» ነው። ሁለቱንም ያሳተመው ዩኔስኮ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የ1966ቱ መጽሐፍ በ1964 በፓሪስ የተሰበሰበ የሊቃውንት ጉባኤ ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ አንዱ ቤተ ሙከራ የሚያገኘው ቁጥር ከሌላው ጋር አልስማማ ብሎ ያስቸግር ነበር። ጉባኤው 90 በመቶ አሴቶን፥ ሦስት የብርሃን ሞገዶች (663፥ 645 እና 630 ናኖሜትር) እና አንድ የስሌት ቀመር ወሰነ። በዚህም የኖርዌዩ ሰው የለካውን የአውስትራሊያው እንዲያነበው ተቻለ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጄፍሪና ሐምፍሪ በ1975 ቀመሩን ሲያርሙት እንኳ የክሎሮፊል ኤ ዋና ማባዣ ከ11.64 ወደ 11.85 ከፍ አለ እንጂ ብዙም አልተናወጠም። መጽሐፉ በዋናው ጉዳይ ትክክል ነበር ማለት ነው።

ጉድለቱ ሌላ ነው። ቀመሩ የሚያውቀው ሦስት ክሎሮፊሎችን ብቻ ነው፤ የሞተውን ከሕያው አይለይም። ክሎሮፊል በእንስሳ ሆድ ሲያልፍ ወይም ሲበሰብስ ማግኔዥየሙን አጥቶ ፌዮፊቲን ይሆናል፤ ፌዮፊቲንም ቀዩን ብርሃን በዚያው አካባቢ ስለሚውጥ እንደ ሕያው ተክል ይቆጠራል። ጥልቅና ጥርት ባለ ውቅያኖስ ላይ ስሕተቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በባሕር ዳር ግን ሙላቱና ማዕበሉ ከታች ያለውን ደለል ያነሣሣሉ፤ የሞተው ሁሉ ተመልሶ ከሕያው ጋር ይቀላቀላል። ሎሬንዘን በ1967 አሲድ ጨምሮ ሁለቱን የመለየት ዘዴ አመጣ፤ ጥሩ መድኃኒት ነበር። ይሁን እንጂ በአንዳንድ ዲያቶሞች ውስጥ ያለው ኤንዛይም አሴቶን ውስጥ እያለን ክሎሮፊሉን ወደ ክሎሮፊላይድ ሲለውጠው፥ የሁለቱ ብርሃን አወሳሰድ አንድ ስለሆነ ስፔክትሮፎቶሜትሩ ምንም አያይም።

እንግዲህ ቀለሞቹን መነጣጠል ግድ ሆነ። ሩሲያዊው ጽቬት በ1906 የቅጠልን ቀለሞች በጠመኔ ዱቄት በተሞላ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ሲለያያቸው የጀመረው ጥበብ፥ በ1997ቱ መጽሐፍ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ሆኖ እናገኘዋለን። እያንዳንዱ ቀለም በየሰዓቱ ብቻውን ይወጣል። ከዚህ በኋላ ቀለሙ ብዛትን ብቻ ሳይሆን ዘርንም ይናገራል ተባለ፤ ፉኮዛንቲን ለዲያቶም፥ ፔሪዲኒን ለዳይኖፍላጄሌት፥ አሎዛንቲን ለክሪፕቶፋይት። በስፋቱና በጥንቃቄው ይህን መጽሐፍ የሚተካከል አላየሁም፤ ቅሬታዬም ከዚሁ ከጥንካሬው ይነሣል።

ዳይኖፊሲስ የተባለውን ዳይኖፍላጄሌት እንውሰድ። ይህ ፍጥረት ፔሪዲኒን የለውም፤ ቀለሙን የሚያገኘው ከክሪፕቶፋይት የመጣውን አረንጓዴ ክፍል በምግቡ በኩል ነጥቆ ነው። ስለዚህ በመሣሪያው ላይ የሚታየው አሎዛንቲን ነው፤ መዝጋቢውም «ክሪፕቶፋይት» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን ዳይኖፊሲስ መርዘኛ ነው። ሙስል የሚባለው ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ ይህን ሲመገብ መርዙ በሥጋው ውስጥ ይከማቻል፤ የበላውን ሰው ያስቀምጠዋል፥ ያስመልሰዋል፤ ቢቀቀልም መርዙ አይጠፋም። በሰሜን ምዕራብ ስፔን በጋሊሲያ የባሕር ወሽመጦች፥ ሙስል በብዛት በሚረባበት ስፍራ፥ ይህ የታወቀ ችግር ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ጥቂት መቶ ሴሎች ለሥጋት ይበቃሉ፤ የእነርሱ ቀለም ግን ከዲያቶሞቹ ብዛት መካከል ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው በአንድ እይታ የሚያውቀውን፥ ውዱ መሣሪያ ይስተዋል።

መጽሐፉ ይህን አልደበቀም። አንድ ቀለም በብዙ ዘሮች እንደሚገኝ በሠንጠረዦቹ አስቀምጧል፤ ፉኮዛንቲንም የዲያቶም ብቻ አይደለም። ሆኖም የመጽሐፉ ክብደት ሁሉ በመሣሪያው በኩል ስለ ወደቀ፥ አንባቢ ማስጠንቀቂያውን አልፎ ወደ አሠራሩ ይሮጣል። ስለዚህ ጥፋቱ የአዘጋጆቹ ብቻ ሳይሆን የእኛም የአንባቢዎቹ ነው።

ከዚህ የሚከፋ ግን ሌላ አለ፤ ሁለቱም መጻሕፍት በቤተ ሙከራ ሊያርሙት የማይችሉት። ብርሃን ያነሰው ሴል ክሎሮፊሉን ያበዛል። በአንድ ግራም ክሎሮፊል አንጻር የሚገኘው ካርቦን ከ20 ግራም አካባቢ እስከ ከ100 በላይ ይለዋወጣል። ወንዝ ጭቃ ይዞ ወደ ባሕር ሲገባና ውሃው ሲደፈርስ፥ አትክልቱ ሳይበዛ ክሎሮፊሉ ሊጨምር ይችላል። እንዲህ ከሆነ በሠንጠረዣችን ያለው ጭማሪ የጭቃው ነው ወይስ የተክሉ?

አሴቶን ፈጽሞ የማይነካው ቀለምም አለ። ኤረንበርግ በ1823 በሲና በጦር ወደብ ባሕሩ ቀልቶ ያየው ትሪኮዴስሚየም በተባለ ደቃቅ ፍጥረት ምክንያት ነበር፤ የቀይ ባሕርን ስም ከዚሁ የሚያያይዙ አሉ። ያ ቅላት ፋይኮኤሪትሪን ነው፤ በውሃ እንጂ በአሴቶን አይሟሟም። ከዚያ ውሃ አጥልለን በሁለቱም መጻሕፍት ዘዴ ብንለካ፥ ኤረንበርግን ያስቆመው ቀለም ማጥለያው ላይ ይቀር ነበር። ዛሬ አገራችን የባሕር ዳር ባይኖራትም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ በጪቱና በአረንጓዴ ሐይቅ የሚበዛው ስፒሩሊና ሰማያዊ ቀለሙን እንዲሁ ከአሴቶን ይሸሽጋል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። ለማጥለያ ከተቀዳው ውሃ ጥቂቱ የአዮዲን መፍትሔ ተጨምሮበት በጠርሙስ ይቀመጥ፤ ሴሎቹም በማይክሮስኮፕ ይቆጠሩ። ደግሞም በዚህ መጽሔት በሚወጡት ሠንጠረዦች ላይ «የፋይቶፕላንክተን ብዛት» የሚለው ርእስ ተሠርዞ በምትኩ «ክሎሮፊል ኤ፥ ሚሊግራም በኪዩቢክ ሜትር» ይባል።