«አህያዋ ትበላለች»፦ የአማርኛ ተከታታይ የካርቱን ፊልም ከሥነ ጽሑፍ አንጻር

1. መግቢያ

ስለ ካርቱን ፊልም በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ መጻፍ አንዳንድ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ጉዳዩ የሠዓሊያን፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንጂ የእኛ አይደለም የሚል አስተያየት በመምህራን መካከል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህን አስተያየት መሞገት ነው። ተከታታይ የካርቱን ፊልም ገጸባሕርያት፣ መቼት፣ ግጭት፣ ቃለ ምልልስና ጭብጥ ያሉት ትረካ ነው። ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት ታሪኩ ተጽፎ፣ ድምፁም ተቀርጾ ማለቅ አለበት። እንግዲህ አንድ ካርቱን ወጥ ሥራ መሆኑ ወይም አለመሆኑ በቅድሚያ የሚወሰነው በጽሑፉ ነው ማለት ነው።

ወጥነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ጎጆ ቤቱ፣ ነጠላው፣ መሶቡና የጤፍ ማሳው ነው። እነዚህ ከታዩ ካርቱኑ «የእኛ» ተብሎ ይመሰገናል። ዳሩ ግን መልክዐ ምድርና አልባሳት ከፎቶግራፍ ሊገለበጡ ይችላሉ። ሊገለበጥ የማይችለው ገጸባሕርያቱ የሚናገሩበት ቋንቋና ታሪኩ የሚያልቅበት መንገድ ነው። የዚህ ጸሐፊ መከራከሪያ ነጥብ ይኸው ነው።

ነጥቡን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ማንኩሳን ያገኛል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ታሪኩን የሚጀምረው ከዚህች ማንኩሳ፣ ከበዛብህ ወላጆች ቤት ነው። ይህን ልቦለድ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ያላነበበ፣ ማንበብም የማይችል አድማጭ ጭምር ገጸባሕርያቱን በድምፃቸው ለየ። አድማጩ ማንኩሳን በዐይኑ አላያትም፤ የሰማው ንግግርን ብቻ ነው። ቦታዋንም ሰዎቿንም የሣለለት ንግግሩ ነበር።

2. ከጆሮ ወደ ዐይን

የአማርኛ ተረት የጆሮ ጥበብ ነው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጮች «የላም በረት» ብለው ካልመለሱ አይጀመርም። የተረቱ ባለቤት ተራኪው ብቻ ሳይሆን መላሹም ነው። ይህ ልማድ ወደ ቴሌቪዥን የተሻገረው በካርቱን ሳይሆን በሰው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ አባባ ተስፋዬ በመባል የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ ለአርባ ዓመት ያህል ለሕፃናት ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። እሳቸው የመድረክ ተዋናይ ስለ ነበሩ አንበሳውን በአንበሳ ድምፅ፣ ጦጣዋን በጦጣ ድምፅ ያናግሩ ነበር። ሥዕል ባይኖርም ልጁ በዐይነ ኅሊናው ይስላል።

ሥዕልም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በሸራ ላይ በረድፍ በረድፍ ተከፍሎ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል፣ ሲሣል ኖሯል። በጣና ዳር በዘጌ የሚገኘውን የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ያየ ሰው ደግሞ ሠዓሊው የራሱ የገጸባሕርይ አሣሣል ሕግ እንዳለው ይረዳል። ጻድቁ ፊቱን ወደ ተመልካች መልሶ በሁለት ዐይን ይታያል፤ ክፉው ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዐይን ብቻ ይሣልለታል። ይህ ያለ ቃል የሚነገር የገጸባሕርይ ገለጻ ነው። የካርቱን ሠዓሊ ይህን ሕግ ቢወርስ ሥዕሉ መንቀሳቀሱ አዲስ ትርጉም ይሰጠዋል። በግድግዳው ላይ ክፉው እንደ ክፉ ይቀራል፤ በሚንቀሳቀስ ሥዕል ግን ሰው ፊቱን ማዞር ይችላል። መዋሸት ሲጀምር ቀስ ብሎ ወደ ጎን የሚዞር ዳኛ ቢሣል፣ የጎጃም ምእመን ልጅ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ተረትንና የሚንቀሳቀስ ሥዕልን በማገናኘት ረገድ ሊጠቀስ የሚገባው የአዲስ አበባ ተወላጁና ኒው ዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ ነው። «ሒሳብ» (እ.ኤ.አ. 2011) የተባለው አጭር ሥራው በአንድ ሸራ ላይ እየተሣለ፣ በላዩ እንደገና እየተሣለና እያንዳንዱ ለውጥ በፎቶግራፍ እየተነሣ የተሠራ ነው። ታሪኩ ሁላችንም የምናውቀው የአህያ፣ የውሻና የፍየል የመኪና ጉዞ ነው። አህያ ሒሳቧን በትክክል ከፍላለችና መኪና ሲመጣ ከመንገድ አትነሣም። ፍየል ሳትከፍል ወርዳለችና መኪና ስታይ ትሸሻለች። ውሻ መልስ አልተሰጠውምና እስከ ዛሬ መኪና ያባርራል። ይህ ተረት ከጥንት የወረደ ሳይሆን መኪና ከገባ በኋላ መንገድ ላይ የተወለደ ነው። «ሒሳብ» የሚያስተምረን ተረት ያለቀለት ቅርስ አለመሆኑን፣ ዛሬም እየተፈጠረ መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ «ሒሳብ» አንድ አጭር ፊልም ነው። ተከታታይ ሥራ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ አንድ ገጸባሕርይ ከክፍል ክፍል እየተመለሰ የሚኖርበትን ዓለም ይጠይቃል።

3. ስለ «ጥበብ» ሴት ልጆች

በዚህ ረገድ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ሽልማት አግኝታለች። የድርጅቱ የመጀመሪያ ታዋቂ ሥራ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በአሻንጉሊት የሚቀርብ ሲሆን፣ ዋና ገጸባሕርይዋ ፀሐይ የምትባል ትንሽ ቀጭኔ ናት። ኋላ የመጣው «ጥበብ ገርልስ» ግን በሥዕል የተሠራ ተከታታይ ካርቱን ነው። ፍቅር፣ ፍትሕና ትዕግሥት የተባሉ ሦስት የገጠር ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ተሰጥቷቸው በሴት ልጆች ላይ የሚደርሱ ጎጂ ልማዶችን ይታገላሉ።

የርእሱን ምርጫ ማድነቅ ይገባል። ጥበብ ዕውቀት ነው፤ ጥበብ የቀሚስ ጠርዝ ጌጥም ነው። ይህ ሰምና ወርቅ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች በበቀሉበት በጎጃም ምድር ላደገ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። የገጸባሕርያቱ ስሞችም ከተምሳሌታዊነት አልፈው በየመንደሩ የምናገኛቸው የሰው ስሞች ናቸው።

ጥያቄው የሚነሣው ከኃይላቸው ላይ ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻ በምዕራብ ጎጃም ገጠር የሥነ ጽሑፍ ጭብጥ ብቻ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ካደረገ በኋላም በክፍላችን ከተቀመጡ ሴት ተማሪዎች መካከል በልጅነት ተድራ፣ ከዚያም ተመልሳ የተማረች አትጠፋም። እንዲህ ያለችው ልጅ ያዳናት ልዩ ኃይል አልነበረም። አንዷን አክስቷ ደብቃታለች፣ ሌላዋን መምህሯ ሽማግሌ ልኮላታል፣ አንዷ ደግሞ ራሷ በሌሊት ተነሥታ በእግሯ ሄዳለች። ልዕለ ሰብእ ገጸባሕርይ ለልጅ ተስፋ እንደሚሰጥ አልክድም። ገድላቱን እየሰማ ያደገ ሕዝብ ተአምርን አይጠላም። ነገር ግን በሴራ ረገድ ኃይሉ ግጭቱን ቶሎ ይፈታዋል። አባትየው ለምን ልጁን ለመዳር እንደ ቸኮለ፣ ጥሎሹ፣ መሬቱ፣ የጎረቤት አፍ ምን እንዳስገደደው ለመናገር ጊዜ አይተርፍም። አባት ወደ ጎን ዞሮ እንደሚሣል ባለ አንድ ዐይን ሰው ይቀራል። ልጅ ግን በቤቷ የምታውቀው አባት ሁለት ዐይን አለው።

4. የቡሬው ንባብ

ይህን ትችት የምሰነዝረው ራሴን ከስሕተት ነፃ አድርጌ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ከተማሪዎቼ አንዱ የመመረቂያ ሥራውን በካርቱን ጽሑፍ ላይ ለመሥራት ፈለገና አማካሪው ሆንሁ። የመረጠው በሰፊው የሚታወቀውን የድርቅ ተረት ነበር። ዝናም ጠፋ፤ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው ኃጢአታቸውን ተናዘዙ። አንበሳ በሬ መብላቱን ተናገረ፤ «ይህስ ኃጢአት አይደለም» ተባለለት። ነብር ፍየል፣ ጅብም ዶሮ በሉ፤ እንደዚሁ ተባለላቸው። አህያ ጌታዋ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር መንጨቷን ስትናገር ግን ዝናሙን ያስቀረው የእሷ ኃጢአት ሆነና በሏት።

በተማሪው ጽሑፍ አህያዋ አልተበላችም። ስለ መብት ንግግር አደረገች፤ አውሬዎቹም ተጸጽተው ይቅርታ ጠየቁ። እኔም «ለሕፃናት ይሄ ይሻላል» ብዬ አጸደቅሁት።

ከዚያ ጽሑፉን በቡሬ አካባቢ በአንድ የገጠር ቤት ደጃፍ ለተሰበሰቡ ልጆች አነበብነው። ልጆቹ በትሕትና አዳመጡ። ሲያልቅ አስተያየት ጠየቅን። አንድ ልጅ፣ «ጅቡ እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚናገረው» አለ። ሁሉም ሣቁ። ከቤቱ በር ላይ እንዝርት እያሾሩ ይሰሙ የነበሩ አሮጊት ደግሞ፣ «ልጄ፣ አህያዋን ካልበሏት ተረቱ ለምን ይነገራል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከእነዚህ ከሁለቱ አስተያየቶች የምንረዳው የአንድን ጉድለት ሁለት ገጽታ ነው። ጅቡ የዜና አማርኛ የተናገረው ጽሑፉ መልእክት ለማድረስ እንጂ ጅብን ለማናገር ስላልተጻፈ ነው። አህያዋም ያልተበላችው በዚሁ ምክንያት ነው። ተረቱ ፍትሕ አለ አይልም፤ ፍትሕ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያሳያል። የሚሰማው ልጅ ይቆጣል፤ ቁጣው ራሱ ትምህርቱ ነው። እኛ ፍትሑን በፊልሙ ውስጥ ስናስቀምጠው ከልጁ ልብ ውስጥ ወሰድነው።

የሌሎች አፍሪካውያን ተሞክሮም ይህንኑ ይደግፋል። የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን እ.ኤ.አ. በ1966 በሠራው «ቦን ቮያዥ ሲም» በተባለው አጭር ካርቱን የእንቁራሪቶችን ፕሬዚዳንት ይፋዊ ጉብኝት እየሣለ በመሪዎች ላይ ይሣለቃል፤ ምክር ግን አይሰጥም። ልጅነቱን በጊኒ ያሳለፈው ፈረንሳዊው ሚሼል ኦስሎ «ኪሪኩ»ን (እ.ኤ.አ. 1998) ሲሠራ፣ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ቢሆንም፣ ድምፁን ያስቀረጸው በዳካር በሴኔጋላውያን አንደበት ነው። የንግግሩ ምት ከቦታው እንዲመጣ ፈልጎ ነው።

5. ላልቶና ጠብቆ

እዚህ ላይ ከሙያው ጋር የተያያዘ አንድ ነጥብ ማንሣት ተገቢ ነው። በካርቱን ሥራ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያልፋል። ዐሥር ደቂቃ ለሚፈጅ አንድ ክፍል 14,400 ምስል ማለት ነው። እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ቢደገም እንኳ 7,200 ሥዕል ያስፈልጋል። ስለዚህ ድምፁ አስቀድሞ ይቀረጽና ሠዓሊው የከንፈሩን እንቅስቃሴ በድምፁ ልክ ይስላል። ከተሣለ በኋላ ቃሉን ማረም እጅግ ውድ ነው።

እንግዲህ «አህያዋ ትበላለች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። ‹በ› ላልቶ ሲነበብ አህያዋ ሣር ትግጣለች። ጠብቆ ሲነበብ ራሷ የሌላ ምግብ ትሆናለች። ፊደላችን ልዩነቱን አያሳይም፤ ድምፅ ግን ያሳያል። ሥዕልም ያሳያል፤ ምክንያቱም ‹በ› ከንፈር ገጥሞ የሚነገር ድምፅ በመሆኑ ሲጠብቅ ከንፈሩ ረዘም ላለ ጊዜ እንደ ተገጠመ ይቆያል። በዚያች ቅጽበት በአህያዋ ኃጢአትና በአህያዋ ሞት መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሥዕል ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ደራሲ አንበሳውን ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ፣ አንዴ አላልቶ አንዴ አጥብቆ፣ ሊያናግረው ይችላል። ተረቱ በሙሉ በአንድ ቃል ውስጥ ያልቃል። ይህ ጨዋታ ወደ ሌላ ቋንቋ አይተረጐምም። ወጥ ሥራ የምለው ይህን ነው።

ሌላው የዐረፍተ ነገር አወቃቀር ነው። አማርኛ ማሠሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ሰሚው የተደረገውን የሚያውቀው ሲያበቃ ነው። በእንግሊዝኛ ፊልም ልማድ የሠለጠነ ሠዓሊ የገጸባሕርይውን ድንጋጤ ከዐረፍተ ነገሩ መካከል ቢስለው፣ ጅቡ ገና ያልተነገረውን ነገር ሰምቶ የደነገጠ ይመስላል። ሠዓሊው ግሡን መጠበቅ አለበት። ያገራችን ተራኪዎች ከግሡ በፊት ትንሽ ዝም የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የቀረበው ትንተና «ጥበብ ገርልስ»ን የመሰሉ ሥራዎችን ለማሳነስ የታሰበ አይደለም። እነሱ ጀምረዋል፤ እኛ የአማርኛ ክፍሎች አልጀመርንም። ተማሪዎቻችን ከየቀበሌው የሰበሰቧቸው ተረቶች በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ተጠርዘው በየመደርደሪያው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹም በጽሑፍ ቋንቋ «ተስተካክለው» የተራኪውን ምትና ዝምታ አጥተዋል። ወደ ፊት ተረት የሚሰበስብ ተማሪ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ድምፁን፣ የጠበቀውንና የላላውን፣ ተራኪው ያረፈበትን ቦታ ጭምር እንዲመዘግብ ቢደረግ ለካርቱን ደራሲ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግጭቱ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ ብዙ ልጆችም ያለ መምህር ውለዋል። እንዲህ ያለው ልጅ አንድ ቀን የራሱን ቋንቋ የሚናገር ካርቱን ፊት ቢቀመጥ፣ ፍትሕ በቀላሉ እንደምትገኝ የሚነግረውን አያምነውም። ያችን አህያ ግን ያውቃታል። እኛ ልንሰጠው የምንችለው ጅቡን እንደ ጅብ የሚያናግር፣ አሮጊቷ የጠየቁኝን ጥያቄ የማይሸሽ ጽሑፍ ነው።