ተጫዋቹ ራሱ ሲናገር፦ የስፖርተኛ ግለ ታሪክና ያልተጻፈው የወልድያ መጽሐፍ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም የተካሄደውን የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች እንኳ ውጤቱን በቃላቸው ይዘውታል። ግብጽ፣ በወቅቱ ስሟ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ፣ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረጉ፤ በጭማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ይህን ለማወቅ የተጫዋች ግለ ታሪክ አያሻም፤ የጋዜጣ ዘገባና የውድድር መዝገብ ይበቃል። መዝገቡ የማይነግረን ሌላ ነው። የግርማ ጎል ደስታ ሳይበርድ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ግብጽ ሁለተኛውን ስታገባ አምበሉ ምን ተሰማው? ጨዋታው ከመሐል ሜዳ እስኪጀመር ድረስ ማንን አየ፣ ከማን ዓይን ሸሸ?

የስፖርተኛ ግለ ታሪክ ሊነበብ የሚገባው ባለቤቱ ብዙ ስላሸነፈ አይመስለኝም። ከእርሱ በቀር ማንም ሊነግረን የማይችለውን ሲነግረን፣ ያን መናገሩም አንዳች ነገር ሲያስከፍለው ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ መጽሐፉ የዋንጫ ዝርዝር ሆኖ ይቀራል።

በአማርኛ ግለ ታሪክ እንግዳ ዘርፍ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»፣ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት «ኦቶባዮግራፊ»፣ የራስ እምሩ «ካየሁት ከማስታውሰው»፣ ከእነርሱም ወዲህ የደርግ ዘመን ሹማምንትና የድርጅት አባላት ማስታወሻዎች መደርደሪያውን ሞልተውታል። የእነዚህ ጸሐፊዎች «እኔ» የጉዳይ ባለቤት «እኔ» ነው፤ በታሪክ ችሎት ፊት ቆሞ ይሟገታል፣ ምስክር ይጠራል፣ ባላንጣውን ይከሳል። በዚህ መደርደሪያ ላይ የስፖርተኛው ድርሻ ቀጭን ነው። ይህ የሚያሳዝነኝ ስለ ስፖርቱ ብቻ ብዬ አይደለም። ሥራው በጉልበቱ፣ በሳንባውና በቁርጭምጭሚቱ የሆነ ሰው በአማርኛ ስለ ራሱ አካል በስፋት አልጻፈልንም። ስለ ድካም፣ ስለ ፍርሃት፣ በ30 ዓመቱ አሮጌ ስለመባል የሚናገር ስድ ንባብ ከእርሱ ካልመጣ ከማን ይመጣል?

ታላላቆቻችን ተጽፈዋል፤ የጻፏቸው ግን ሌሎች ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ 318 ጎል ያስቆጠሩት፣ የ1954ቱን ቡድን ያሠለጠኑት፣ እስከ ዕለተ ሞታቸውም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ታሪካቸውን የምናገኘው ልጃቸው ታደለ ከጻፈው መጽሐፍ ነው። የአበበ ቢቂላን ሕይወት ልጁ ጽጌ በእንግሊዝኛ ጽፋዋለች፤ ከእርሷም በኋላ የውጭ አገር ጸሐፊዎች ተከትለዋታል። የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ጂም ዴኒሰን በ2004 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው «ኢንዱራንስ» ፊልም ደግሞ ኃይሌ ራሱን ሆኖ ሲተውን የልጅነቱን ክፍል ዘመዱ ዮናስ ተጫወተለት። እነዚህ ሥራዎች ውለታ ናቸው፤ በተለይ የልጆቹ መጻሕፍት ባይኖሩ ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። ሆኖም ልጅ ስለ አባቱ ሲጽፍ የሚያልፋቸው በሮች አሉ፤ ሊያልፋቸውም ይገባል። አበበ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በእንግሊዝ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል፤ በኖርዌይም ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ስሌጅ አሸንፏል። ሮምን በባዶ እግሩ የረታ ሰው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ሌሊት ሲነቃ ስለ እግሩ ያሰበውን ልጁ ልትጽፍልን አትችልም። እርሱም ሳይጽፈው በ1966 ዓ.ም. ሞተ። ከስፖርት ታሪካችን እንደዚህ የምቆጭበት ክፍተት የለም።

ለዚህ ነው የሉቺያኖ ቫሳሎን መጽሐፍ ደጋግሜ የምጠቅሰው። በ1935 እ.ኤ.አ. አሥመራ ከጣሊያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ፤ በመካኒክነት እየሠራ ኳስ ተጫወተ፤ የኢትዮጵያን ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ከንጉሡ እጅ ተቀበለ፤ በደርግ ዘመን ተሰዶ በጣሊያን ኖረ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በዚያው አረፈ። ግለ ታሪኩ በጣሊያንኛ የታተመው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው። ርዕሱን «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸውልሽ» ብሎ ሲመርጥ ስለ ዋንጫው አላሰበም፤ ገንዘብ ይዞ ቤት ስለሚገባ ልጅና ስለ እናቱ ነው ያሰበው። በዚህ ምርጫ ውስጥ የእግር ኳሳችንን ሌላ ታሪክ አያለሁ፦ ኳስ ለድሃ ልጅ በመጀመሪያ ደመወዝ ነው፣ ክብር ቆይቶ ነው የሚመጣው። ክልስ ሆኖ ያደገበት ንቀት፣ አገሬ ላላት አገር አምበል ሆኖ ሳለም እንደ ባዕድ መታየቱ፣ የድል ፎቶግራፉ የማያሳየን ነገር ነው። ያን ፎቶግራፍ ሁላችንም እንወደዋለን። መሐሉ ላይ የቆመው ሰው ግን ቀኑን ከእኛ ለይቶ ያስታውሰው ነበር፤ ግለ ታሪክም ዋጋ የሚያገኘው ይህን ልዩነት ሳያለሳልስ ሲያቆየው ነው።

ከውጭው ዓለም ሁለት መጻሕፍት ክርክሩን ያጠሩልኛል። አንድሬ አጋሲ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ኦፕን» ቴኒስን እንደሚጠላ ገና በመግቢያው ይናገራል። በ1990 የፈረንሳይ ፍጻሜ ላይ ከተጋጣሚው ይልቅ ያሰጋው የለበሰው ሰው ሠራሽ ጸጉር እንዳይወድቅ ነበር፤ አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ለተቆጣጣሪዎቹ መዋሸቱንም አልደበቀም። ቃላቱን ያቀናጀለት ጄ. አር. ሞሪንገር የተባለ ጸሐፊ ነው። ይህ መጽሐፉን አላሳነሰውም፤ ጥሩ አድማጭ ሲገኝ ተጫዋቹ ራሱን አጥርቶ ይሰማል። የብሪታንያዊው ሯጭ የሞ ፋራህ ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግለ ታሪክ ከአባቱ ጋር ለመኖር ወደ ብሪታንያ እንደመጣ ይተርካል። በ2022 ደግሞ በልጅነቱ በሌላ ልጅ ስም ተወስዶ በሰው ቤት በአገልጋይነት እንደኖረ፣ እውነተኛ ስሙም ሁሴን አብዲ ካሂን እንደሆነ በቢቢሲ ተናገረ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ውሸት ብዬ አልጥለውም። አንድ ሰው ዜግነቱን፣ ቤቱንና ልጆቹን እንዳያጣ ሲል ሊጽፈው የማይችለው ነገር ምን እንደሆነ ያሳየናል። የስፖርተኛን ግለ ታሪክ ስናነብ ዝምታውንም ማንበብ አለብን።

ወደ ወልድያ የምመጣው ይህን ይዤ ነው። በከተማዋ ጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አላሙዲ ስታዲየም ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። የከተማዋ ክለብ ወልድያ ከተማ በ2007 ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ ወረደ፤ በ2009 ተመለሰ፤ በ2010 እንደገና ወረደ። የስታዲየሙ ወጪ፣ የመቀመጫው ብዛት፣ የተገነባበት ዘመን ሁሉ ተጽፏል። ከስታዲየሙ በፊት በአቧራ ሜዳ የተጫወተው ትውልድ ግን ዝም እንዳለ ነው። በአቅራቢያው ባለው የሀብሩ ወረዳ፣ በመርሳም ሆነ በሲሪንቃና በውርጌሳ፣ ጠጠር ላይ ኳስ የለመደ ልጅ ተንሸራቶ መንጠቅን አይደፍርም፤ ጉልበቱ ይላጣል። ኳሷ ስትነጥር ወዴት እንደምትዞር ስለማይታወቅ መጀመሪያ ደረቱን ይሰጣታል። ይኸው ልጅ ሣር ላይ ሲወጣ ሰውነቱ ምን ያህል ነገር መርሳት፣ ምን ያህሉንም አዲስ መማር እንዳለበት አሠልጣኙ ከውጭ ይገምታል፤ የሚያውቀው ልጁ ነው።

ስለ ገንዘቡም እንዲሁ። የአብዛኞቹ ክለቦቻችን በጀት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ተቋም ኪስ የሚወጣ ነው፤ ሲዘገይ ተጫዋቹ ካምፕ ውስጥ ወራት ይቆጥራል። በ2011 ክረምት የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር እንዲሆን ሲወሰን ክርክሩ በባለሥልጣናት አፍ አለፈ። ከውል ውጭ በጎን ስለሚከፈል ገንዘብ፣ ስለ ፊርማ ክፍያ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ስላለቀ የውድድር ዓመት የሚጽፍ ተጫዋች ቢገኝ ከአስር የድል መጻሕፍት ይልቅ የእርሱን እመርጣለሁ።

ከሁሉም የሚከብደው ኅዳር 24 ቀን 2010 ነው። ወልድያ ከመቐለ ከተማ ጋር ሊጫወት በነበረበት ዕለት ግጭት ተነሳ፤ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ፣ ሰዎች ተጎዱ፣ ንብረት ወደመ። ስለዚያ ቀን ደጋፊዎች፣ የመንግሥት ቃል አቀባዮችና የፖለቲካ ተንታኞች ብዙ ብለዋል። በዚያ ቀን ማሊያ ሊለብሱ የተዘጋጁት ሁለቱ ቡድኖች ግን ምን አዩ? እኔ የምመኘው አንድ መጽሐፍ አይደለም፤ ሁለት ነው፣ አንዱ ከወልድያ ተጫዋች፣ ሌላው ከመቐለ ተጫዋች። የወልድያውን መጽሐፍ የመቐለው ሰው አንብቦ «አዎ፣ እንዲህ ነበር» ለማለት ከቻለ፣ ያ መጽሐፍ በየትኛውም የዘመኑ የታሪክ ሥራ አጠገብ ሊቀመጥ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ በ2015 ክረምትም የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። በእነዚህ ዓመታት ልምምድ ያቋረጠ የ19 ዓመት አጥቂ ያጣውን ጊዜ ማንም አይመልስለትም፤ ቢያንስ ሊጽፈው ይገባል። ሲጽፍም ጎረቤትን፣ ዘመድን፣ የክለብ ኃላፊን ላለማስቀየም ብዙ ነገር እንደሚውጥ አውቃለሁ። ትንሽ ከተማ ውስጥ የተነገረ ነገር ሁሉ ባለቤት አለው። የፋራህ መጽሐፍ ያስተማረን ትዕግሥት እዚህ ያስፈልገናል፦ የዛሬው ግለ ታሪክ የሚያስቀረውን ከ10 ዓመት በኋላ ሌላ ቃለ ምልልስ ሊያወጣው ይችላል፤ ለዚያ ግን የመጀመሪያው መኖር አለበት።

ሥራው ከየት ይጀመር ለሚለው፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በወልድያም በመርሳም ግቢ አለው። የአማርኛና የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች መቅረጸ ድምፅ ይዘው ጡረታ የወጡትን ተጫዋቾች ቤታቸው ድረስ ሄደው ቢያዳምጡ፣ የቫሳሎንም መጽሐፍ የሚተረጉም ቢገኝና ከአማርኛ አንባቢ እጅ ቢደርስ፣ ለዘርፉ መሠረት ይጣላል። ተማሪው ስለ ምርጥ ጎል በመጠየቅ አይጀምር፤ ያንን ተራኪው ደጋግሞ ተናግሮት ቃሉ ተወልውሏል። የመጀመሪያውን ገንዘብ ለማን እንደሰጠ፣ ጉልበቱ የተጎዳ ዕለት ማን ወደ ቤት እንዳደረሰው፣ ከቡድኑ መቀነሱን በማን አፍ እንደሰማ ይጠይቀው፤ መልሱ ሲዘገይም ይጠብቀው።