ቀይ ነደባ፣ ነጭ ኖራ

በሐረሩ ጀጎል ውስጥ ቤት ከውጭ አይደነቅም። ጠመዝማዛውን ጠባብ መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ የምታዩት የድንጋይ ግንብና የግቢ በር ብቻ ነው። የሐረሪ ቤት ራሱን የሚገልጠው በሩ ተከፍቶ፣ ጫማ ወልቆ፣ ደፉ ከታለፈ በኋላ ነው። በቅርቡ የገባሁበት ቤት ገና ከጥገና የወጣ ነበርና፣ እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። «ታደሰ» በተባለ አሮጌ ቤት ውስጥ ሴራሚክና የጂፕሰም ኮርኒስ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል።

እዚህ ግን ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው ነደባው ላይ ነው። ነደባ መደብ ነው፤ ከፍታው የተለያየ፣ እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ተቀማጭ ያለው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ ግድር ነደባ እንደ ስሙ ትልቁ። ጠርዛቸው በውኃ ልክ የተለካ አይደለም፤ በመዳፍ ተዳብሶ የተጠጋጋ ነው። ጎንበስ ብዬ በበሩ ብርሃን አግድም ተመለከትኩት። አዲሱ ልስን ከአሮጌው የሚገናኝበትን ቦታ ያጋለጠችው ቀጭን ጥላ ብቻ ነበረች፤ በጣቴ ስሄድበት እሷም ጠፋች።

ቀለሙ ቀይ አፈር ነው። በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። አንዳንድ ቤት አሁን የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ይቀባዋል፤ ለማጽዳት ይቀላል፣ እኔ ግን አልወደውም። ብርሃኑን መልሶ ይወረውረዋል። አፈሩ ይውጠዋል፤ ከላዩ ያለው ነጭ ግድግዳም በዚያ ልክ ይነጣል።

ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ልስኑ ኖራ። ግንበኛውን፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ ለምን በስሚንቶ እንዳልጨረሱት ጠየቅኳቸው።

«ስሚንቶ እርጥበቱን ያፍነዋል፤ ጭቃው ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል» አሉኝ። «ኖራ ያስተነፍሰዋል። አንተስ አፍህን ቢዘጉህ?»

ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉት መደርደሪያዎች አንዱም ከሌላው እኩል አይደለም። እሳቸውም እኩል ሊያደርጓቸው አልሞከሩም፤ የእጃቸውን ብስለት ያየሁት እዚህ ላይ ነው። የጣሪያው ወራጆችም እንዲሁ። ምስጥ የበላቸው ሦስት ነበሩ፤ የተተኩት ሦስት ብቻ ናቸው። አዲሶቹን የመረጡት እንደ ጎረቤቶቻቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉትን ነው። ቀጥ ያለ እንጨት ማግኘት ይቀል ነበር።

ጀጎል በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ፣ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ፣ ስለ ግንቡና ስለ በሮቹ ብዙ ተጽፏል። እንዲህ ስላለው የጎበጠ ወራጅ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው።

በመጨረሻ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን ወደሚያሳልፉባት ትንሽ ክፍል፣ ወደ ክርታት፣ ገባሁ። ፍርግርጓ ዘንግ በዘንግ ተፈትቶ፣ ጸድቶ፣ ተመልሶ ተገጥሟል፤ አንድም አዲስ ሚስማር አላየሁም። ከፍርግርጉ በላይ ግን ነጭ የፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ቱቦ ግድግዳውን አቋርጦ ያልፋል። ግንበኛው ዓይኔን ተከትለው አዩት።

«ምሳ በሄድኩበት ሰዓት ነው የገጠመው» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው።