ድንጋይ ታኮ አይደለም

ባለፈው ወር ሞጆ ደረቅ ወደብ ተራዬን ስጠብቅ፣ ተሳቢ መንዳት ከጀመረ ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። ከተሳቢው የኋላ ጎማ ሥር ታኮዬን ሳስገባ ሲያየኝ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ የእጅ ፍሬን ይዘዋል፤ ማርሽም አስገብተዋል፤ ቦታውም ሜዳ ነው። ታዲያ ይሄ እንጨት ምን ይጨምራል?» አለኝ።

ልጁ ሊከራከረኝ አልነበረም የመጣው፤ ማወቅ ፈልጎ ነው። ተራዬ ደርሶ ስለተጠራሁ «ንፋስ ይወጣል፣ እንጨት አይወጣም» ብቻ ብዬው ተነሳሁ። ከዚያ እስከ አዋሽ ድረስ ጥያቄው አብሮኝ ተጓዘ። ተቀምጬ ልነግረው የሚገባኝን አሁን ልጻፈው።

የእኛ ፍሬን ንፋስ ነው። ቱቦውን ነቅለህ አሮጌውን ተሳቢ ብቻውን ስታቆመው፣ በራሱ ቋት ባጠራቀመው ንፋስ ፍሬኑን ጨምድዶ ይይዛል። ማታ አሥር ሰው ቢገፋው ንቅንቅ አይልም። ንፋስ ግን ተቀማጭ አይደለም። በፍሬኑ ላስቲክ፣ በቱቦው መጋጠሚያ፣ በቫልቩ በኩል ጆሮህን ካላስጠጋህ በማትሰማው ሹክሹክታ ሌሊቱን ሙሉ ይወጣል። ሊነጋ ሲል ቋቱ ባዶ ነው፤ ፍሬኑም ለቋል። ሁለት መቶ ኩንታል የተሸከመው ብረት በዚያ ሰዓት የቆመው በመሬቱ ሜዳነት ብቻ ነው። ሜዳ የምንለው መሬት ደግሞ ውኃ ስታፈስበት ወዴት እንደሚሄድ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

አዲሶቹ እንደዚህ አይደሉም ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። በአዲሶቹ ላይ ቆሞ ሲያድር ፍሬኑን የሚይዘው ሞላ ነው፤ ንፋሱ ሲወጣ ሞላው ይፈታና ይነክሳል። ያንን ያሰበ ሰው ይባረክ። ነገር ግን መንገድ ላይ ንፋስ አልሞላ ሲል የሚደረገውን ሁላችንም እናውቃለን፦ ከፍሬኑ ጣሳ ጀርባ ረጅሙ ብሎን ይገባል፣ ሞላው ተጠምዝዞ ይሰበሰባል፣ መኪናው ይለቃል፣ «ጋራዥ እስክንደርስ ነው» ይባላል። ጋራዥ ሳይደረስ ጭነት ይገኛል። ብሎኑ እዚያው ይረሳል። እንዲህ የተረሳባቸው ሦስት ተሳቢዎች በዚህ እጄ ፈትቻለሁ። የሦስቱም ሾፌሮች የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ ያንን የንፋስ ድምፅ ሰምተው፣ ተይዟል ብለው ነበር በየቀኑ የሚወርዱት።

ማርሽ ደግሞ የሚያስተማምነው ጎማዎቹ ሁሉ መሬት እስከረገጡ ድረስ ነው። ጎማ ፈንድቶ ክሪክ አስገብተህ የኋላውን አንድ ጎን ስታነሳ፣ ዲፈረንሻሉ የተነሳውን ጎማ በነጻ ያዞረዋል። መሬት ላይ የቀረውም በዚያው ልክ በተቃራኒው መዞር ይችላል። ማርሹ እንደገባ፣ ሞተሩ እንደጠፋ፣ መኪናው ከክሪኩ ላይ ይሄዳል። የእጅ ፍሬናቸው ጎማውን ሳይሆን ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ የሚይዝ አሮጌ መኪኖችም ያው ናቸው። ክሪክ ከመንካትህ በፊት ከማታነሳው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ይገባል። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ይህን ያህሉን ብዙ ሾፌር ይቀበለኛል። የምንጣላው ከዚህ በኋላ ነው። «ታኮስ ልክ ነው፤ ግን አገሩ ድንጋይ ሞልቶት ለምን እንጨት ይዤ ልዙር?» የሚሉኝ የእኔ እኩዮች፣ አንዳንዶቹም ከእኔ በላይ አገር ያዳረሱ ናቸው። አዳማ ቡና ስንጠጣም፣ ጋላፊ ድንበር ላይ ወረቀት ስንጠብቅም በዚህ ነገር ተከራክረናል። ድንጋይ ጠንካራ ነው ይሉኛል። ሁሉም ድንጋይ ጠንካራ አይደለም። አንዳንዱ ጎማው ሲቀመጥበት እንደ ዳቦ ይፈርሳል፤ ድቡልቡሉ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፤ ትንሹን ጎማው ይወጣበትና ያልፈዋል። ይሁን፣ ጥሩ ድንጋይ አገኘህ እንበል፤ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ የሚነክስ። የእኔ ጸብ ያኔም አያበቃም። ጸቤ መኪናው ከሄደ በኋላ ከሚቀረው ድንጋይ ጋር ነው።

ድንጋይ ለምን መንገድ ላይ እንደሚቀር የማያውቅ ሰው ሾፌሩን ግድ የለሽ ይለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ዳገት ላይ የቆመ ጭነት መኪና ሲነሳ ክብደቱ መጀመሪያ ታኮው ላይ ነው። ሾፌሩ ፍሪሲዮን ለቆ ነዳጅ ሲሰጥ መኪናው አንድ ስንዝር ወደፊት ይላል፤ ድንጋዩ የሚላቀቀው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ደግሞ አይቆምም፤ ከቆመ መነሳቱን እግዜር ይወቀው። ረዳቱ ሮጦ መሰላሉን መያዝ አለበት። ሃያ ኪሎ ድንጋይ አንስቶ ከመንገድ ለማውጣት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ድንጋዩ አስፋልቱ መካከል ይቀራል፤ ከመታጠፊያው ጀርባ፣ መብራት በሌለበት። አስቀድመን ሌላውን ለማስጠንቀቅ የጣልነው የዛፍ ቅጠል በማግስቱ ይደርቅና ንፋስ ይወስደዋል። ድንጋዩን ንፋስ አይወስደውም።

ይህን ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም የማወራው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ረዳት ሳለሁ ማዳበሪያ ጭነን ዓባይ በረሃን ወደ ደጀን እየወጣን ነበር። መኪናችን ኤንትሬ ነው፤ የያኔውን ፊያት የነዳ ያውቀዋል፣ ዳገት ላይ ከሰው እርምጃ ብዙም አይበልጥም። ከድልድዩ በላይ፣ ያ አስፋልቱ ሁልጊዜ የሚሰነጠቅበት ቦታ ሳንደርስ፣ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ታኮ አምጣ ተባልኩ። ታኮው ጎሃ ጽዮን ምሳ የበላንበት ቤት ደጃፍ ላይ ቀርቷል፤ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሁለት ድንጋይ ፈልጌ አስገባሁ። አንደኛው በአንድ ጎኑ ነጭ መስመር ያለበት ነበር፤ ስሸከመው ደረቴን ስለላጠኝ መልኩን አልረሳውም። ጎማውን ቀየርን፣ ተነሳን፣ እኔም ሮጬ ተንጠለጠልኩ።

በአራተኛው ቀን ባዶ መኪና ይዘን በሌሊት ስንወርድ ሰዎች ፋኖስ ይዘው መንገድ ላይ ቆመዋል። አንዲት አይሱዙ በጎኗ ተኝታለች፤ ሽንኩርቷ ገደሉ ድረስ ተበትኗል። ሾፌሩ ክንዱን በነጠላ አስሮ ዳር ላይ ተቀምጧል፤ ክንዱ ተሰብሯል። ሰው አልሞተም። በመብራታችን ፊት አስፋልቱ ላይ ነጭ መስመር ያለበት ድንጋይ ተገልብጦ ይታያል። ወርጄ አነሳሁትና ከመንገዱ ውጪ አስቀመጥኩት። ሾፌሬ እያየኝ ነበር። ያን ሌሊት አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ከዚያም በኋላ አንስቶት አያውቅም። አዲስ አበባ ስንገባ ግን መርካቶ ወሰደኝና አንድ ግንድ የወይራ እንጨት ገዛ። መጥረቢያና መጋዝ ተውሶ ሰጠኝ። «ሥራው፣ የአንተ ነው» አለኝ።

ያ ታኮ አሁንም አለኝ፤ ስለዚህ አሠራሩን የምናገረው ከእሱ ላይ እያየሁ ነው። ቁመቱ ከጎማው ቁመት ሩቡን ያህል መሆን አለበት፤ ለእኛ ጎማ ከአንድ ስንዝር አልፎ ጥቂት ጣት ማለት ነው። ከዚያ ካጠረ ጎማው ይወጣበታል። ጎማው የሚያርፍበት ገጽ ቀጥ ያለ አይሁን፤ በትንሹ ተፍቆ ይጎድጉድ፣ ጎማውን ይቀፈው። ሥሩ ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ተመትቶበታል፤ የምስማሩ ራስ ላስቲኩ ውስጥ ጠልቆ መግባት አለበት፣ አለዚያ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል። እንጨቱ ወይራ ነው። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ በርዝመቱ ይሰነጠቃል፤ ዋንዛ ለሣጥንና ለአልጋ እንጂ ለዚህ ሥራ ይለሰልሳል። ከኋላው ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ገመድ ገብቷል። ይህ ገመድ ከሁሉ ይበልጣል። በገመዱ ስለምትስበው እጅህ ከጎማ ሥር አይገባም፤ ዳገት ላይ ስትነሳም ጫፉ ተሳቢው ላይ ከታሰረ ታኮው ራሱ ተከትሎህ ይመጣል፣ ረዳቱ ሮጦ ያነሳዋል። መንገዱ ላይ ምንም አይቀርም።

ስለ አገባቡ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛ፣ ባለ ሁለት አክስል ተሳቢ ከሆነ ታኮው ለኋላው ነው። የፊተኛው አክስል ከመጎተቻው ብረት ጋር ስለሚዞር፣ አንድ ጎማውን ብታስረው በዚያው ላይ ተሽከርክሮ ያመልጥሃል። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሁለተኛ፣ ታኮው ጎማውን ይንካ። በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ተሳቢው ሲንቀሳቀስ ጉልበት ይሰበስባል፤ የቆመን ክብደት የሚይዝ እንጨት የሚንደረደረውን ላይይዝ ይችላል። አስጠግተህ አስገባው፣ ከዚያ ፍሬኑን ቀስ ብለህ ልቀቅና መኪናው ታኮው ላይ ይቀመጥ። ተቀመጠ ስትል መልሰህ ያዝ። መንጠቆው የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው።

የድሮ ረዳቴ አሁን አሜሪካ ነው፤ እዚያም ጭነት መኪና ይነዳል። አንድ እሑድ ደውሎ ለልጆቹ ቤት የመሰለች ተሳቢ፣ አልጋና ምድጃ ያላት፣ ገዝቶ በትንሽ መኪና እየጎተተ ሐይቅ ዳር ሊያድሩ መሄዳቸውን ነገረኝ። ፍሬኗን ጠየቅሁት። በኤሌክትሪክ ነው የምትይዘው፤ ኤሌክትሪኩም የሚመጣው ከምትጎትታት መኪና ነው፤ የእጅ ፍሬን የላትም። ተፈትታ ስትቆም አራት እግር ታወርዳለች፤ እነዚያ እግሮች ግን ቤቷ እንዳትወዛወዝ እንጂ እንዳትሄድ አይደሉም። «ታዲያ ምን ይይዛታል?» አልኩት። ሳቀና «ታኮ ነዋ ጋሼ!» አለኝ። ጎማዎቿ ሁለት ሁለት ሆነው ስለተጠጋጉ መካከላቸው ገብቶ በሁለቱም በኩል የሚወጠር ብረት አለ አለኝ፤ እሱ ግን በዚያ ላይ ቢጫ የጎማ ታኮ ፊትና ኋላ ይጨምራል። ልጆቹ ውስጥ ናቸውና ደስ አለኝ። መንጠቆውን ከመፍታቱ በፊት ማስገባቱን ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት፤ ሦስት ጊዜ መለሰልኝ።

የልጆቹን ነገር ሲያነሳ የራሴ መኝታ ትዝ አለኝ። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ የኖርንበት መንገድ ነው። ከጣርማ በር ጉም ወርደን፣ ኮምቦልቻን አልፈን አፋር ስንገባ ብርዱ በአንድ ቀን ወደ እሳት ይለወጣል። በዚያ ሙቀት የመኪናው ውስጥ አይተኛበትም። ሾፌሩ ከጭነቱ ላይ ይወጣል፤ ረዳት ከተሳቢው ሥር ሸራ ዘርግቶ ይተኛል። እኔ ዓመታት ሙሉ ከሁለት መቶ ኩንታል በታች ተኝቻለሁ። ጎማው ከራሴ አንድ ክንድ ነው።

ሾፌሬ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ጎበዝ ብሎኝ አያውቅም። ነገር ግን ማታ ማታ፣ እኔ ከተጋደምኩ በኋላ፣ በነጠላ ጫማው መሬቱን እየጎተተ ተሳቢውን ይዞራል። የኋላው ጎማ ጋ ይቆምና በብረት ዘንግ ታኮውን ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋል። ወይራ ጎማው ተጠግቶት ሲመታ ድምፁ ድፍን ነው፤ ክፍተት ካለው ይጮኻል። ድፍኑን ድምፅ ሲሰማ ይሄዳል። እኔም ያን ሰምቼ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። አንድ ሌሊት ታሞ ሳይወርድ ቀረ፤ እስከ ንጋት ዓይኔን ጎማው ላይ ተክዬ አደርኩ። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ ሰው ሲጠብቀኝ እንዴት እንደሚሰማ ያወቅሁት ከዚያ ዘንግ ነው።

በቀደም ሚሌ አደርኩ። የእኔ ረዳት አሁንም ያው ከሥር ይተኛል፤ ብከለክለው ሙቀቱ አያስተኛውም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ዘንጉን ይዤ ወረድኩና ታኮዬን መታሁ። ዓይኑን ሳይገልጥ «እሺ ጋሼ» ብሎ ተገላበጠ። ወደ መኪናዬ ስመለስ ሦስት መኪና አልፎ የቆመች ተሳቢ አየሁ፤ የዚያ የሞጆው ልጅ መኪና ናት። ጠጋ ብዬ በባትሪ አበራሁ። ከኋላ ጎማዋ ሥር አዲስ እንጨት ገብቷል፤ መጋዙ ገና ይሸታል። ባሕር ዛፍ ነው፤ ቁመቱም አጥሯል፤ ገመድ የለውም። ጠዋት እነግረዋለሁ። ከሥር የተኛ ሰው ሲያንኮራፋ ይሰማል። ጎንበስ ብዬ ታኮውን በእግሬ አጠጋሁትና ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግሁት።