የተሰማው እንዲነበብም

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ቆሼ በተባለው ስፍራ፣ የቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ቀበረ። በመጀመሪያዎቹ ዜናዎች የተነገረው የሟቾች ቁጥር በአሥሮች የሚቆጠር ነበር፤ ፍለጋው ሲቀጥል ግን ቀን በቀን አሻቅቦ ከ110 አለፈ። የመጀመሪያውን ዜና ብቻ የሰማ ሰው የሚያስታውሰው ያንኑ ቁጥር ነው። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ዝግጅትን ከድረ ገጽ መረጃ ጋር የማገናኘት ልማድ ምስጋና የሚገባው ስለዚህ ነው፤ ከአየር ላይ ያለፈውን ቃል ያስቀራል፣ የተለወጠውንም ለማረም ቦታ ይሰጣል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ የሚያሰራጨው ዶይቼ ቬለ ዘገባዎቹን በድረ ገጹ ሲያወጣ ከድምፁ ጎን ጽሑፉንና የወጣበትን ቀን ያስቀምጣል። አንባቢ ቀኑን አይቶ መረጃው ትኩስ ይሁን የቆየ ይለያል፤ ያመለጠውን ስምና አኃዝም ተመልሶ ያጣራል።

ኢንተርኔት ለብዙዎች ውድ ነው፣ መስመሩም ይቆራረጣል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው። ስለዚህም የድረ ገጽ አድራሻ መጥቀስ ዋናውን ነገር በአየር ላይ አሟልቶ ከመናገር አያድንም። ሆኖም ከአንድ ቤት ወይም ከአንድ ሰፈር አንድ ሰው እንኳ ገጹን ከከፈተ ለሌሎቹ ያነብላቸዋል። አዘጋጆች ሆይ፣ አድራሻውን ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ የቆየውን ቁጥር ስታርሙም የታረመበትን ቀን ጻፉ።